ግማሽ ዙር

ሠላሳ አንድ ዓመት በረዶ ሰባሪ መርከብ ውስጥ ኖሬ፣
ሞተር ስፈታ ስገጥም በዘይት ጠቁሮ ጥፍሬ፣
ከኬሚ ወደብ ወጥተን ባሕሩን እንደ ግንድ ስንፈልጥ
ይህ እጄ አንድም ቀን አላወቀም መንቀጥቀጥ።

አሁን ግን የካቲት ነው፤ ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት፤
እኔም ቆሜያለሁ በታይሚ ወጥ ቤት፣
መዳፌ ላይ አንዲት ቁንጣሪ አቧራ ይዤ፣
ትንፋሼን ውጬ፣ እንደተያዘ ሌባ ፈዝዤ።

«አቧራ አይደለም» አለች። «ፔቱንያ ነው። እንዳታስነጥስ።»

ታይሚ ማለት በቋንቋችን ችግኝ ማለት ነው፤
እሷ ሰባ አራት ሞልቷታል፣ ስሟ ግን ገና ልጅ ነው።
አራተኛ ፎቅ እሷ፣ ሦስተኛ ፎቅ እኔ፣
ዘጠኝ ዓመት ተኳረፍን በአንዲት ምንጣፍ ጠንቅ፤
ከበረንዳዋ ስታራግፋት
አቧራው ባጠብኩት ሸሚዝ ላይ ሲወድቅ።

ጥር ሲያልቅ ደጃፉ ላይ በረዶ አዳለጣት፤
የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ ጄሶ አሰሩላት።
በሬን በክርኗ አንኳኳች።
ይቅርታ አልጠየቀች፣ እንዴት አደርክም አላለች፤
«ጣት እፈልጋለሁ» አለች።

ዘሩን በእርጥብ የጥርስ እንጨት ጫፍ ነው የሚያነሱት፣
አንድ በአንድ በእንቁላል ካርቶን ጉድጓድ የሚያስቀምጡት።
አፈር ላለብሰው ብዬ ማንኪያ ባነሳ
በጄሶዋ መታችኝ፤ «ተው! ይሄ እንደ ሬሳ
አይቀበርም። ብርሃን እያየ ነው የሚነቃ።»

ሎቤልያም ዘራን፣ አፈ ዘንዶም ዘራን፤
ላስቲክ አልብሰን ከማሞቂያው በላይ አኖርን።
በአይስክሬም እንጨት ላይ ስማቸውን በግራ እጇ ጻፈች፤
ፊደሉ ደመወዝ እንደተቀበለ መርከበኛ ይንገዳገዳል።

ስምንት ቀን ምንም። ዘጠኝ። አፈሩ አፈር ነው።
በዐሥረኛው ጧት መነጽሬን አወለቅሁ፣
ጠረግሁ፣ መልሼ አደረግሁ፤
ሁለት ነጥብ የምታህል፣ ቃል ከቃል የምትለይ፣
አረንጓዴ ነገር አፈሩ ላይ።
«ታይሚ!» ብዬ ጮህሁ፤
እሷንም እነሱንም በአንድ ቃል ጠራሁ።

ከዚያ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አሰገጉ፣
ለዚያች ለደከመች ፀሐይ፣ ሊወጡ ፈለጉ።
«በየቀኑ ግማሽ ዙር አዙራቸው» አለችኝ፣
«በመዳፍህም ዳበስ አድርጋቸው፣ ነፋስ ነው ብለው
ግንዳቸውን እንዲያጠነክሩ።»
ትእዛዝ አውቃለሁ፤ በሞተር ክፍል ደወል ያደግሁ ነኝ፤
ልክ በዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጧት፣ ግማሽ ዙር።
ዳበሳው ግን አሳፍሮኝ
እሷ ፊቷን ስታዞር ነበር የማደርገው።

አንድ ጧት ዐሥራ ሁለት ሎቤልያ ተጋድመው አገኘሁ፤
እግራቸው እንደ ረጠበ ክር ሙሽሽ ብሎ።
ውኃ አብዝቼ ነበር። እኔ ነኝ።
ካርቶኑን ይዤ ስድቧን ጠበቅሁ።
ታይሚ የወደቁትን በጣቷ ጫፍ ለቀመች፤
ብዙ ቆይታ፣ ወደ መስኮቱ እያየች፣
«እኔም ያን ምንጣፍ ወደ ታች ማራገፍ አልነበረብኝም» አለች።

ግንቦት ሲጋመስ ጄሶው የለም፤ እጇ ከስቷል፣ ነጥቷል፤
የወደቡ በረዶ በራሱ ጊዜ፣ ያለ እኔ፣ ተሰባብሯል።
ችግኞቹን በረንዳ አወጣናቸው።
«ዛሬ አንድ ሰዓት ብቻ» አለች፤ «ነገ ሁለት፤
ከነገ ወዲያ ሦስት፤
የቤት ልጅ በአንድ ቀን ደጅ አይለምድም።»
ነፋሱ ከባሕር ነው፣ ቢላዋ።
ካፖርታችንን ለብሰን ሁለት ወንበር አውጥተን
አጠገባቸው ተቀመጥን፤
እሷ ሰዓቷን ታያለች፣
እኔ የትኛው ፔቱንያ የትኛው አፈ ዘንዶ እንደሆነ
እያወቅሁ እጠይቃለሁ።

አንድ ሰዓቱ ሞላ።
ችግኞቹን አስገባን።
ወንበሮቹን እዚያው ተውናቸው።